አመልካች

ቅጹ ይጠይቃል፦ «ኩባንያው ምን ይሠራል? በሁለት መቶ ቃል።»
ለእኔ አንድ ይበቃኛል፦ ይሰማል።
ከአስፋልቱ ሥር ያረጀ ቧንቧ
ሌሊቱን ሲያንሾካሹክ፣ ውኃው ሲያነባ፣
ሳጥኔ ጆሮውን ጥሎ «እዚህ ጋ ቆፍሩ» ይላል።
እንዲህ ብዬ ብጽፈው ግን ማን ኩባንያ ይለዋል?

ስለዚህ «በድምፅ ሞገድ ትንተና የሚመራ
የውኃ ብክነት መለያ ሥርዓት» አልሁት። አባቴ ቢያነበው፦ «ይኼ ደግሞ የማን ሥራ?»
የራስህ ነው፣ አባዬ። የሩስታቪው ቧንቧ ጠጋኝ ኦታር፣
የዘንጉን አንድ ጫፍ ከብረቱ፣ ሌላውን ከጆሮው ሥር፣
ዓይኑን ጨፍኖ መንገድ መሀል የሚቆም፤
ጥሩምባ ቢነፉበት የማይሰማ፣ ከጠብታ በቀር ምንም።

ታሊን፣ ኮፕሊ ሰፈር፣ የእንጨት ቤት፣ ምድር ቤት፤
ከተፈቀደልኝ ዘጠና ቀን አሥራ አንዱ የቀረበት።
ጠረጴዛው ላይ ፓስፖርት፣ የባንክ ወረቀት፣ የደረቀ ዓሣ፣
«ፈገግታ ክልክል ነው» ተብዬ የተነሣሁት ጉርድ ፎቶ፣ ቁርጥ ሬሳ።

«በአምስተኛው ዓመት ስንት ሠራተኛ ይኖርዎታል?»
አርባ አልሁ። ቆይቼ አርባ ሁለት፤ ክብ ቁጥር ውሸት ይመስላል።
ሁለቱ እነማን እንደሆኑ እኔም አላውቅ፤
አንዱን የሒሳብ ሰው አደረግሁት፣ ሌላኛዋ ለጊዜው ትጠብቅ።

ማክሰኞ ማታ ባድሪ ደወለ። ዋርሶ ሥራ አግኝቷል፤
ደመወዝ ያለው፣ የጥርስ ሕክምና ያለው። «ልጅ ሊወለድልኝ ነው፣ አትቀየሚኝ» ብሏል።
አልተቀየምሁም። ስልኩ ሲዘጋ ሰነዱን ከፈትሁ፣
ከገጽ አንድ እስከ ሠላሳ አራት እያረምሁ ወረድሁ፤
ከየግሱ ጅራት «ን»ን እየነቀልሁ «ሁ» ተከልሁ፦
ጀመርን፣ ጀመርሁ። ሞከርን፣ ሞከርሁ። ከሰርን፣ ከሰርሁ።
ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ አንድ «እናምናለን» ጠበቀኝ፤
አልነካሁትም። ብቻዬን ማመን ከበደኝ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከወለሉ ሥር አንድ ነገር ጠብ አለ።
ሳጥኔን አስጠጋሁት፤ አረንጓዴ አበራ፣ «ሰላም ነው» አለ።
(«ዘጠና አራት በመቶ ትክክል» ያልሁበት ቀለም ገና አልደረቀ።)
ጣቴን ቧንቧው ላይ አሳረፍሁ፤ ጣቴ ግን አወቀ።
የቤቱ ባለቤት ሄልዩ በሌሊት ልብሷ፣ ባትሪ ይዛ ወረደች፤
በኤስቶኒያኛ ጠየቀች፣ በጆርጂያኛ መለስሁ፣ መፍቻውን አቀበለች።
ሲነጋ ጠብታው ቆመ። የተላጠ እጄን አይታ
ትንሽ ቆርቆሮ ቅባት ከተተችልኝ ኪሴ፣ በዝምታ።

ቅጹ ግን እዚያው ነው፤ ተራ ቁጥር አሥራ አራት፦
«ሥራዎ ከነባሩ በምን ይለያል?»
ሳጥኑ አይደክመውም፣ ብዬ ጻፍሁ።
አባቴ ጡረታ ወጥቷል፣ ብዬ ጻፍሁ።
ሁለተኛውን ሰረዝሁ።

ሐሙስ። ቁጥር መቶ አሥራ ሰባት። መስኮት ሦስት።
መኮንኗ ወጣት ናት፣ ጉንፋን የያዛት።
«አመልካች» ስትለኝ የጠራችኝ መስሎኝ «አቤት» አልሁ፤
ለካ ጣቴን ነው። መስታወቱ ላይ አኖርሁ።
አይነበብም። ጥረጊው፤ ጠረግሁ። አይነበብም።
በብየዳ የተለበለበ፣ መፍቻ የፋቀው፣
መስመሩ ሁሉ ጠፍቶ እንደ ወንዝ ጠጠር የለሰለሰው፤
ሠላሳ አራት ገጽ የተጻፈው ስለ እሱ፣
ማን እንደሆነ ግን መናገር አቃተው ለራሱ።

«ትንሽ እንጠብቅ፣ ማሽኑ እስኪነሣ» አለችና አነጠሰች።
የሄልዩን ቅባት ቀባሁ፤ የበግ ሞራ ሸተተች።
ከወንበሬ ጎን የማሞቂያው ቧንቧ ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል፤
ልማድ ነውና ጣቴን ጣል አደረግሁበት። ሦስተኛው መጋጠሚያ ያልባል።
ገና አልፈሰሰም፤ ለፋሲካ ግን ወለሉን ያጥባል።
ልንገራት? ወረቀቴ እጇ ላይ እያለ?
ነገር ፍለጋ ይመስል ይሆን? ወይስ ጉቦ መሰለ?

«አመልካች» አለች እንደገና።
የትኛችንን እንደሆነ እንጃ፤
ሁለታችንም ተነሣን።